የጀበና የውሃ ቀለም ሥዕልዎን እንዴት ይመረምራሉ?

እርጥብ የውሃ ቀለም ያታልላል፤ ሲደርቅ መፍዘዙ አይቀርም። ስለዚህ ወረቀቱን በእጅዎ ጀርባ ዳሰስ ያድርጉት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና አልደረቀምና ፍርዱን ያቆዩት። በፀጉር ማድረቂያ ማፍጠን ይቻላል፤ ውሃ ካቆረ ቦታ ላይ ግን ቀለሙን ገፍቶ ያበላሻል።

ሲደርቅ ግድግዳ አስደግፈው ከሁለት ሦስት ሜትር ይዩት። በስልክ ፎቶ አንስተው ግራና ቀኙን ቢገለብጡት የተጣመመ አንገት ወዲያው ይጋለጣል። ማቶቱንም አይርሱ፦ ብዙ ሰው የታችኛውን ጠርዝ ቀጥ ባለ መስመር ስለሚሠራው ጀበናው የተንሳፈፈ ይመስላል። ከላይ ወደ ታች የሚታይ ክብ ነገር ከዓይን መስመር በራቀ ቁጥር ሞላላው ይሰፋል፤ የማቶቱ ሞላላ ከጀበናው አፍ ይልቅ ወደ ክብ የቀረበ መሆን አለበት።

ዋናው ፈተና ጥቁሩ ነው። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ጀበናውና ከኋላው ያለው ግድግዳ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ጥፋቱ የቀለም ምርጫ ሳይሆን የውሃ መብዛት ነው። አልትራማሪንን (ሰማያዊ) እና በርንት ሲየናን (ቀላ ያለ ቡናማ) እንደ ወተት ሳይሆን እንደ እርጎ አወፍረው ይቀላቅሉና በደረቀው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያልብሱት። መልሰው ከነካኩት የሥረኛው ቀለም ይነሳና ይደፈርሳል። የቱቦ ጥቁር አይመከርም፤ ሸክላውን ድፍን ያደርገዋል። በድብልቁ ግን የመስኮት ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ሰማያዊውን፣ የፍም ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ቡናማውን ማብዛት ይቻላል።

የጀበናው ሆድ ላይ ያለው ብልጭታ የወረቀቱ ነጭ ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ከተሸፈነ ንጹሕ ብሩሽ አርጥበው ቀስ ብለው ያሹትና ሶፍት ይጫኑበት፤ በሶፍቱ ግን አይፈትጉት። አልትራማሪን እሺ ብሎ ይነሳል፤ ፋሎ ሰማያዊ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚገባ እምብዛም አይለቅም። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ይህን ይችላል፤ ቀጭኑ ይላጣል። ነጭ ጉዋሽ (ሥሩን የሚሸፍን የውሃ ቀለም) ለአንዲት ነጥብ ይሁን፤ ሰፋ ካለ ከሌላው ቀለም ተለይቶ ያስጠላል።

ግድግዳው ላይ ውሃ የሠራው ሸካራ ጠርዝ ካለ ይተዉት፤ በእርማት ይብሳል። ከሁለት ቦታ በላይ ማረም ካስፈለገ በአዲስ ወረቀት መጀመር ይቀላል። ከአሮጌው ጀርባ የተጠቀሙባቸውን ቀለሞችና የወረቀቱን ዓይነት በእርሳስ ይጻፉ። ወረቀቱ ከጎበጠ ጀርባውን በስፖንጅ በትንሹ አርጥበው፣ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መሐል ከከባድ መጻሕፍት ሥር ያሳድሩት።