አንፓርፌ በመጨረሻ ገባኝ

ችግሬ ይሄ ነበር። አንፓርፌ የፈረንሳይኛ ያለፈ ጊዜ ነው፤ «እጠጣ ነበር» እንደምንለው ያለ። በፈረንሳይኛ «እጠጣ ነበር» ለማለት «ዠ ቧሬ» እላለሁ። ስህተት ነው። «ቧር» መጠጣት ስለሆነ በቀጥታ እሱ ላይ እቀጥልበታለሁ።

መጀመሪያ ሽምደዳ ሞከርኩ። የግሶቹን ሰንጠረዥ አንኪ (በካርድ የሚያስጠና መተግበሪያ) ላይ ጭኜ ሳምንት ሙሉ ለፋሁ። አዲስ ግስ ሲመጣ ግን ዜሮ።

የሠራልኝ የአሁን ጊዜውን «እኛ» መያዝ ነው። «ኑ ቡቮን» ማለት እንጠጣለን ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን «ኦን» ቁረጡና «ኤ» ጨምሩ፦ «ዠ ቡቬ»። «ኑ ፊኒሶን»ም «ዠ ፊኒሴ» ይሆናል። ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሱና ለእነሱ አጻጻፉ ቢለያይም ድምፁ ያው «ኤ» ነው። ለእኛ «ዮን»፣ ለእናንተ «ዬ»። የ«እኛ» ቅርጽ ካላቸው ግሶች የሚያፈነግጠው «ኤትር» (መሆን) ብቻ ነው፤ እሱ «ዤቴ» ይላል።

መቼ ልጠቀመው ለሚለው አማርኛ አዳነኝ። «በላሁ» ፓሴ ኮምፖዜ (ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት)፣ «እበላ ነበር» አንፓርፌ። ግን «ነበር» ሁሉ አንድ አይደለም። «በልቼ ነበር» ፕሉስ ከ ፓርፌ (ከሌላ ያለፈ ነገር በፊት ያለቀ ድርጊት) ነው። («ደክሞኝ ነበር» ሁኔታ ስለሆነ ወደ አንፓርፌ ይመለሳል፤ «ዤቴ ፋቲጌ»።)

ሁለት ቀን የበላኝ ግን «ገንዘብ ቢኖረኝ እሄድ ነበር» ነው። «እሄድ ነበር»ን አንፓርፌ አድርጌ ቁጭ! ለካ አንፓርፌው የሚያርፈው «ቢኖረኝ» ላይ ነው፦ «ሲ ዣቬ ደ ላርዣን»። «እሄድ ነበር» ደግሞ ኮንዲስዮኔል (በ«ቢ» ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ የግስ ቅርጽ) ሆኖ «ዢሬ» ይባላል። አሁን «ነበር» ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው «ቢ»ን ነው።