ካይሮ ላይ ምሽቱን በፈሉካ ልትንሸራሸሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ካይሮ የምንኖር ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን የማይቀሩ ሁለት ጉዞዎች አሉ፤ ፒራሚድና ዓባይ። ፒራሚዱን አስጎብኚ ይጨርሰዋል። ዓባዩ ግን የኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ ለሕክምና የመጣ፣ በትራንዚት ያደረ፣ ሁሉም «ዓባይን ሳላይማ አልሄድም» ይላል። እሰየው። ግን ሁሉም ያንኑ ስህተት እየደጋገመ ሲያደክመኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩ።

የማወራው ስለ ፈሉካ ነው። ሞተር የላትም፤ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያላት የእንጨት ጀልባ ናት። በሰዓት ትከራያለች። ጋርደን ሲቲ ሰፈር ኮርኒሹ፣ የወንዙ ዳር መንገድ፣ ላይ ወይም ማዲ ሰፈር ወርዳችሁ ታገኟታላችሁ። ስምንት ዘጠኝ ሰው በምቾት ትይዛለች።

«ማታ ነው አይደል?» ብሎ ሲጨልም መምጣት

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ የለም።

የምሽት ሽርሽር ሲባል የእኛ ሰው የሚገባው ጨለማ ነው። እራት ተበልቶ፣ ተለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ቀስ ተብሎ። አይደለም! ፈሉካ ላይ የሚወጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ውሃው ወርቅ የሚመስለው፣ ሸራው የሚቀላው፣ የመስጊዱ ሁሉ አዛን ከሁለቱም ዳርቻ ተራ በተራ የሚነሳው በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሲጨልም እናንተ መሃል ውሃ ላይ ናችሁ፤ የከተማው መብራት ሲበራ ታያላችሁ። በጨለማ ከጀመራችሁ ግን የምታዩት የሆቴል መስኮትና የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። እሱንማ ከታክሲም ታዩታላችሁ።

የችግሩ ሥር ያለው አገራችን ነው። አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ትገባለች። ብትለዋወጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጀንበር መቼ ትጠልቃለች ብለን አስልተን አናውቅም። ካይሮ እንዲህ አይደለችም። በታኅሣሥ 11 ሰዓት ሲል ፀሐይ የለችም። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው። የሦስት ሰዓት ልዩነት!

ከሦስቱ አንዱን ሰዓት ያመጣችው ራሷ ግብፅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰዓት የመቀየሩን ልማድ መልሳለች። ሚያዝያ ካጋመሰ በኋላ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ ጥቅምት ካጋመሰ በኋላ ትመልሰዋለች። በተገፋበት ወቅት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት። በቀረው ጊዜ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። እንግዳው የእጅ ሰዓቱን ሳይቀይር ይመጣና «ገና ነው፣ ረፍዷል» እየተባባልን እንጨቃጨቃለን።

የራሳችን የሰዓት አቆጣጠር ጣጣ ደግሞ አለ። የአንድ ዘመዴ ልጅ ከአሜሪካ ሆና ለወላጆቿ ጀልባ ያዘችላቸው። በስልክ «ማታ 5 ሰዓት ነው» አለቻቸው። እሷ ያለችው የፈረንጁን 5 ነው። እነሱ የሰሙት የእኛን 5 ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። እኔና ረይሱ፣ የጀልባ አሽከርካሪ እዚህ ረይስ ነው የሚባለው፣ ኮርኒሹ ላይ ቆመን ጀንበሯን ሸኘናት። ሰዎቹ ሆቴላቸው ጋደም ብለዋል። ስደውልላቸው እናትየው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ገና እኮ ስድስት ሰዓት ይቀረናል።»

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉ። የዚያን ቀን ጀንበር በስንት ሰዓት እንደምትጠልቅ ስልካችሁ ላይ እዩ። ከዚያ አርባ አምስት ደቂቃ ቀንሱ። ያ ጀልባዋ ላይ የምትቀመጡበት ሰዓት ነው፤ ከሆቴል የምትነሱበት አይደለም። በታኅሣሥ 10 ሰዓት ከሩብ፣ በሰኔ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። መንገዱን ደግሞ አትመኑት። እዚህ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ካይሮ በሙሉ መንገድ ላይ ናት። ሐሙስ ከሆነ በሜትሮ ኑ። የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ይሠራል፤ በአፍሪካ ቀዳሚው ነው። ማዲም ያደርሳችኋል፤ ሳዳት ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ጋርደን ሲቲ መድረስም ትችላላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ደረስን፣ ደረስን» ስትሉኝ ፀሐይ አትጠብቅም።

የማይንቀሳቀስ መርከብ መያዝ

አትሳቁ፤ ይሄ የእውነት ይደርሳል። ዛማሌክና ጊዛ ዳርቻ ላይ የቆሙ ትልልቅና የሚያምሩ መርከቦች አሉ። ብዙዎቹ ሬስቶራንት ናቸው። ከታሰሩበት ንቅንቅ አይሉም። ሰው ፎቶውን አይቶ ይከፍልና «መቼ ነው የምንነሳው?» እያለ እራቱን ይጨርሳል። ከመክፈላችሁ በፊት «ይሄዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚንቀሳቀሱት የእራት መርከቦችም አሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ። ቡፌ፣ የሆድ ውዝዋዜ፣ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር የታኑራ ጨዋታ አላቸው። ለሠርግ አጀብ ወይም ለልደት ጥሩ ናቸው። ግን ወንዙን አታዩትም። በመስታወት ተዘግታችሁ፣ ድምፅ ማጉያው ጆሯችሁ ሥር እየጮኸ፣ ለሥጋ ተሰልፋችሁ ነው የምትመለሱት። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ፈሉካ ናት።

ማስፔሮ አካባቢ በቀለም መብራት ያጌጡ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎችም አሉ። ርካሽ ናቸው፤ ሙዚቃቸው ግን ጣሪያ ይነካል። ልጆች ካሏችሁና መጨፈር ካማራችሁ ሂዱ፤ እኔን አትጥሩኝ።

ዋጋ ሳይጨርሱ መሳፈር

እንግዳ «ኧረ በኋላ እንነጋገራለን» ይላል። በኋላ የለም። ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር ይለይ። ዋጋው ለጀልባዋ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የፈሉካ ደንብ ለጀልባዋ፣ በሰዓት ነው። ግን ካልጠየቃችሁ ስትወርዱ «በሰው ነው ያልኩት» የሚል አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ለምን ያህል ጊዜ? ሦስተኛ፣ በምን ገንዘብ? «ፓውንድ» ብቻ ተብሎ አይታለፍ፤ ጊኔ፣ የግብፅ ፓውንድ፣ ተብሎ ይነገር። አራተኛ፣ የሚከፈለው ስትወርዱ ነው።

ስሙን የማልጠራው የዳርቻ ደላላ አንድ ቀን ሦስት እንግዶቼን ያዘና ሙሉውን ሒሳብ ቀድሞ ተቀበለ። ሰዓቱ ሳይጋመስ ረይሱ ወደ ዳር መለሳቸው። «የተነገረኝ ግማሽ ሰዓት ነው» አለ። ሰውየው ውሸቱን አልነበረም፤ የዋሸው ገንዘቡን ይዞ የሄደው ነው። ስለዚህ ከደላላ ጋር ሳይሆን ሸራውን ከሚይዘው ሰው ጋር ተነጋገሩ።

የሚጠሩትን የመጀመሪያ ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፤ መርካቶ ያደገ ሰው ይሄን ከኔ አይማርም። ደስ ካላችሁ ደግሞ ስትወርዱ ባክሺሽ፣ ጉርሻ፣ ስጡ። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ኑ፤ ትልቅ ኖት ካወጣችሁ መልስ የለም።

ፈሉካ የትም ትወስደኛለች ብሎ ማሰብ

ምሰሶዋ ረጅም ነው። ዝቅተኛ ድልድይ ሥር አታልፍም። ስለዚህ ጋርደን ሲቲ ላይ የምትንሸራሸሩት በድልድዮች መካከል ባለው ውሃ ላይ ነው። ከዚያ ሆናችሁ በሰሜን በኩል የቀስር ኤል ኒል ድልድይን ታያላችሁ። አሁን ያለው እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተው ነው፤ ጫፍና ጫፉን የሚጠብቁት አራት የነሐስ አንበሶች ግን ከእሱ በፊት ከነበረው ድልድይ የተወረሱ ናቸው። ከበስተጀርባው 187 ሜትር የሚረዝመው የካይሮ ግንብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ያለቀው። ፎቶ ለሚወድ ጋርደን ሲቲ ይሻላል።

ጸጥታ ለሚወድ ማዲ ነው። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ሰማዩ ክፍት ነው። ገዚረት ዳሀብ የሚባለው ደሴት ላይ እርሻ ታያላችሁ፤ ከተማው መሃል ላም ስትግጥ።

ነፋሱ በብዛት ከሰሜን ነው የሚመጣው። ወንዙ ደግሞ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ስለዚህ ሸራው ወደ ላይ፣ ወደ ደቡብ ይወስዳችኋል፤ ስትመለሱ ወራጁ ያግዛችኋል። አንዳንድ ምሽት ነፋሱ ቀጥ ይላል። ያኔ ረይሱ መቅዘፊያ ያነሳል። «ሞተር አስነሳው!» ብላችሁ አትጩሁበት፤ ሞተር የለውም ብያችኋለሁ።

ግድቡን መሃል ውሃ ላይ መጀመር

ረይሱ «ከየት ናችሁ?» ይላል። «ኢትዮጵያ» ትላላችሁ። ፈገግ ይልና ስለ ግድቡ አንድ ቃል ይወረውራል። አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ነው። የእኛ ሰው ግን ይነሳል፤ ጀልባ ላይ ቆሞ፣ ሸራ ሥር! ጷጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሁሉም ድምፅ ከፍ ብሏል። አንድ እንግዳዬ ሰዓቱን ሙሉ በተሰባበረ አረብኛና በእጅ ምልክት ሲከራከር ጀርባውን ለጀንበሯ ሰጥቶ ቀረ። ሚስቱ ናት ያየችው።

አስዋን የሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማ ከእኛ ተራሮች እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ረይሱም ያውቃል። ሰውየው የዕለት እንጀራው ይሄ ወንዝ ነው። «የላክነው ውሃ ደረሳችሁ ወይ?» ብላችሁ ቀልዱበት። ይስቃል። ሻይም ይቀዳላችኋል።

ክረምት ላይ ሙላቱን አያለሁ ብሎ መምጣት

በነሐሴ መጥተው «የታለ ደፍራሹ?» የሚሉኝ አሉ። የለም። ድሮ የእኛ ክረምት ካይሮ ድረስ ይሰማ ነበር። ሮዳ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የወንዝ መለኪያ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ፣ ምልክት የተቀረጸበት የድንጋይ ዓምድ ነው። ውሃው ስንት ክንድ እንደወጣ እያዩ የዓመቱን ግብር ይተምኑበት ነበር። የጎጃም ዝናብ የካይሮን ገበሬ ግብር ይወስን ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ትልቁ ግድብ ካለቀ በኋላ ሙላቱ ቀረ። ዛሬ የሚወርደው እየተመጠነ ነው። መለኪያውን ማየት ከፈለጋችሁ ቀን ሂዱ፤ ከፈሉካው በፊት ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጥማል።

ውሃውን ነክቶ ፊት መታጠብ የሚወድም አለ፣ በተለይ እናቶች። ግሽ ዓባይን እያሰቡ ነው፤ ይገባኛል። ግን እዚህ የደረሰው ጠበል አይደለም፤ ስንት ከተማ አቋርጦ መጥቷል። ቢልሃርዚያም አለበት። መዋኘትማ በጭራሽ። ስሜታችሁ ካልቻለ ጣታችሁን ነክራችሁ በፎጣ ጥረጉ፤ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ አገር ቤት መውሰዱን ግን ተዉት።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

ታኮ ጫማ አታድርጉ። መሳፈሪያው ቀጭን ሳንቃ ነው።

ሽንት ቤት የለም። ከመሳፈራችሁ በፊት ሻዩን ቀንሱት።

በጥርና በየካቲት ውሃ ላይ ይበርዳል። ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ የምሬን ነው፣ ከጃኬት ይሻላል።

የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ለልጆች ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ዋና የማንችል ብዙ ነን።

ድሮን ይዛችሁ አትምጡ። ግብፅ ውስጥ ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ወታደርና ፖሊስም ፎቶ አታንሱ።

ምግብና መጠጥ ይዞ መሳፈር ይቻላል። ጀበና፣ ከሰልና ምድጃ ይዛ የመጣች እህት ግን ነበረች። ረይሱ ከሰሉን ሲያይ የአማርኛ ያህል በገባን አረብኛ መለሰልን። ቡናችሁን በፔርሙዝ አድርጉት።

በጾም ወቅት የእራት መርከብ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ «ሲያሚ» ምግብ አለ ወይ በሉ፤ ኮፕቶች የጾም ምግብ የሚሉት እሱን ነው። ግን ተጠንቀቁ። እነሱ በአንዳንድ ጾም፣ ለምሳሌ በገና ጾም፣ ዓሣ ይበላሉ። «ዓሣም የሌለበት» ብላችሁ ጨምሩ።

ረመዳን ከሆነ ደግሞ የጻፍኩትን የጀንበር ሰዓት ሁሉ እርሱት። ፀሐይ ስትጠልቅ ረይሱ የሚያፈጥርበት ሰዓት ነው፤ መንገዱም ጭር ይላል። ወይ ቀደም ብላችሁ ወጥታችሁ ከማፍጠሪያው በፊት ዳር ድረሱ፣ ወይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ኑ። ያኔ ወንዙ በሰው ይሞላል፤ እስከ ሌሊት ድረስ ጀልባ አታጡም።