ካርታውን ተዉትና የዋጋ ዝርዝር ጻፉ
ዲኤንዲ ምናምን (ተጫዋቹ ገጸ ባህሪ ሆኖ በፈጠራ ዓለም ውስጥ በዳይስ የሚጫወተው የታሪክ ጨዋታ) የምታጫውቱ፣ በጦርነት የደቀቀ የፈጠራ ዓለም ስትሰሩ ንጉሱ ማነው፣ ጦሩ ስንት ነው እያላችሁ አስር ገጽ አትጻፉ፣ ማንም አያነበውም። አንድ መንገድ ብቻ ምረጡ። እኛ ደሴዎች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ነው የወሰድነው፣ ከላይ ብርዳም ከተማ ከታች ሞቃት ከተማ መሀሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ስሙን ቀየር አርጋችሁ አለቀ። ከዛ የአምስት ዕቃ ዋጋ ጻፉ፦ ጨው፣ ማሽላ፣ ፋሻ፣ ፍላጻ፣ የኩራዝ ዘይት። ጨዋታ በጀመራችሁ ቁጥር ባለ 6 ዳይሱን ጣሉ፣ 1 ወይ 2 ከመጣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሁሉም እጥፍ ነው፤ 5 ወይ 6 ከሆነ ተከፈተ፣ ዋጋው ወደ ድሮው ይመለሳል፤ 3 እና 4 ላይ እንደነበረ ይቀጥላል።

የሚሰራው ለምን መሰላችሁ፣ ተጫዋቹ ጦርነቱን የሚያውቀው በኪሱ ነው። ባለፈው ጠንቋይ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን 8 ሳንቲም የነበረ ጨው 16 ሲሉት ድግምቱን ትቶ እንደ ሰኞ ገበያ ሲከራከር አመሸ፣ ከዛ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተነስተው መንገዱን ለማስከፈት ወጡ፣ እኔ ታሪክ አልጻፍኩም።

ግን ጥቅምት 2014 እውነተኛው ጦርነት ደሴ ሲገባ እዚህ የነበረ ሰው አብሯችሁ ከተቀመጠ ቀድማችሁ ለብቻው ጠይቁት፣ ፊቱ ከከበደ ሌላ ዓለም አጫውቱ።