ሳይቱ 502 ሲል፣ ስልክ ላይ አልከፍት ሲል፣ ሰው ሲበዛበት ሲተኛ፦ ኤንጂንኤክስን እንዴት እንደምንፈትሽ

ኤንጂንኤክስ (ሳይቱን ለጎብኚ የሚያቀርበውና ከኋላ ካለው አፕ ጋ የሚያገናኘው ዌብ ሰርቨር) ሲያስቸግር የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሪስታርት ነው። እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ፣ ግን ኮንፊጉ (የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል) ላይ ስህተት ካለ ሪስታርት ስታደርጉት ደህና ይሰራ የነበረው ሳይት ሁሉ አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤንጂንኤክስ ዳሽ ቲ በሉት፣ ኮንፊጉን ብቻ የሚፈትሽ ትዕዛዝ ነው፣ ስህተት ካለ የትኛው ፋይል ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ደህና ነው ካለ ሪስታርት ሳይሆን ሪሎድ አድርጉ፣ ሪሎድ ኮንፊጉን እንደገና ያስነብበዋል እንጂ እየገቡ ያሉ ሰዎችን አይቆርጥም።

ከዛ ሌላ ተርሚናል ክፈቱና ኤረር ሎጉን (ስህተቶች የሚመዘገቡበትን ፋይል) በቴይል ዳሽ ኤፍ፣ አዲስ መስመር ሲጨመር ወዲያው በሚያሳየው ትዕዛዝ፣ እያያችሁ ቆዩ (ኡቡንቱ ላይ ቫር፣ ሎግ፣ ኤንጂንኤክስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው)። ሎግ ሳያዩ ኮንፊግ መነካካት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

አሁን ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው ግንኙነት)። "ላፕቶፔ ላይ ይከፍታል ስልክ ላይ ግን አስተማማኝ አይደለም ይላል" ካሏችሁ ዘጠና በመቶ ልቤ የሚሄደው ሰርተፊኬቱ (የሳይቱን ማንነት የሚያረጋግጠው ፋይል) ጋ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት (ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጠው ድርጅት) ሲሰጣችሁ ሰርት የሚባልና ፉልቼይን የሚባል ፋይል አለ፣ ኮንፊጉ ላይ መግባት ያለበት ፉልቼይኑ ነው፣ ምክንያቱም የእናንተን ከዋናው ሰጪ ጋ የሚያገናኘውን፣ መሀል ላይ ያለውን ሰርተፊኬት የያዘው እሱ ነው፤ የላፕቶፑ ብሮውዘር ያንን ከሌላ ቦታ አግኝቶት ስለሚሆን ነው ዝም ያለው። ሌላው ደግሞ ጊዜው ነው፣ ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለአጭር ጊዜ ነው (በተለምዶ 90 ቀን)፣ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም በራሱ ያድሰዋል ግን ኤንጂንኤክስ ሪሎድ ካልተደረገ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ፋይሉ አዲስ ሆኖ ብሮውዘሩ ኤክስፓየርድ ሲል ካያችሁ ይሄ ነው። ፖርት 80ንም (ተራው ኤችቲቲፒ የሚገባበትን በር) "ኤችቲቲፒኤስ አለኝ ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ አትዝጉት፣ ብዙ ጊዜ እድሳቱ የሚሄደው በሱ ነው።

ፕሮክሲው ጋ ስንመጣ፣ ማለትም ኤንጂንኤክስ ጥያቄውን ከኋላ ላለው አፕ ሲያስተላልፍ፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር እዩ። 502 ማለት ብዙውን ጊዜ ኤንጂንኤክስ ከኋላ ያለውን አፕ ሊያገኘው አልቻለም ወይ አፑ መሀል ላይ ዘጋበት ማለት ነው፣ 504 ደግሞ አግኝቶት ግን መልስ ሲጠብቅ ሰዓቱ አለቀ። መጠበቂያው ካልነካችሁት 60 ሰከንድ ነው። 502 ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ አፑን በቀጥታ በከርል (አድራሻ ከተርሚናል የሚጠራ ትዕዛዝ) ጥሩት፣ ለምሳሌ 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱ ማለት ነው) ፖርት 3000፣ እዛም እምቢ ካለ ኤንጂንኤክስን አትውቀሱት። ሎጉ ላይ ፐርሚሽን ዲናይድ የሚል ካያችሁና ሰርቨሩ ሴንትኦኤስ ወይ ሬድ ሃት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤስኢሊነክስ (የሲስተሙ ጥበቃ) ከልክሎት ነው።

እኔን አንድ ሌሊት ሙሉ ያስለቀሰኝ ግን ስላሽ ነው። ኮንፊጉ ውስጥ ፕሮክሲ ፓስ (ጥያቄው ወደ የትኛው አፕ እንደሚሄድ የሚናገረው መስመር) አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ ካለ ሎኬሽኑ (የትኛው የሳይቱ መንገድ እንደሆነ የሚገልጸው ክፍል) ላይ የጻፋችሁት መንገድ ተቆርጦ ነው ወደ አፑ የሚሄደው፣ ከሌለ እንዳለ ይሄዳል፣ በቃ አንዲት ጭረት ናት 404 (ገጹ አልተገኘም) የምታወጣው። ሳይቱ ራሱን በራሱ እየዞረ ብሮውዘሩ ቱ ሜኒ ሪዳይሬክትስ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፑ ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን አላወቀም ማለት ነው፣ ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ የሚባለውን ሄደር (ከጥያቄው ጋ አብሮ የሚላክ መረጃ) ላኩለት።

የመጨረሻው ሰው ሲበዛ ነው፣ የፈተና ውጤት የወጣ ቀን እንደሚሆነው። ሎጉ ላይ ወርከር ኮኔክሽንስ አር ኖት ኢነፍ ካለ ወርከር ኮኔክሽንስ የሚለውን ቁጥር ማሳደግ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ለአንድ ወርከር (ሥራውን ለሚሠራ አንድ የኤንጂንኤክስ ፕሮሰስ) 768 ሆኖ ነው የሚመጣው። ፕሮክሲ ስትጠቀሙ ግን አንድ ሰው ሁለት ኮኔክሽን ይይዛል፣ አንዱ ከሱ ጋ አንዱ ከአፑ ጋ፣ ስለዚህ በግማሽ አስቡት። ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ ካለ ደግሞ በአንዴ የሚከፈቱ ፋይሎች ገደብ ነው (ኮኔክሽንም እንደ ፋይል ይቆጠራል)፣ ብዙ ጊዜ 1024 ነው፣ ወርከር አርሊሚት ኖፋይል በሚለው ይነሳል። ሁለቱም ሎጉ ላይ ከሌሉና ሳይቱ ዝም ብሎ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ቁጥር ማሳደጉ አይጠቅምም፣ ዳታቤዙን እዩ፣ በር ብታሰፉ ውስጥ ያለው አስተናጋጅ አንድ ብቻ ነው።

ስታስተካክሉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዛ በአፓቼ ቤንች (ብዙ ጥያቄ በአንዴ ልኮ ሰርቨርን የሚፈትሽ መሣሪያ) 1000 ሪኩዌስት በ100 በ100 እያደረጋችሁ ከሌላ ማሽን ላኩበት፣ የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ብቻ ታዲያ።