የገና ቴምብር ሳይቀደድ ከፖስታው እንዴት ይነሳል?

የገና ፖስታ ከውጭ ከደረሳችሁ ቴምብሩን እባካችሁ አትገንጥሉት። በአይስላንድ ተረት 13 ወንድማማቾች ከገና በፊት ባሉት 13 ሌሊቶች አንድ በአንድ ከተራራ ይወርዳሉ፣ ልጆች መስኮት ላይ ባስቀመጡት ጫማ ውስጥም ስጦታ ይከታሉ፤ እነሱ የተሳሉበት ቴምብር ከጠርዙ ጥርሶች አንዱ እንኳ ቢጎድል ያሳዝናል።

ዙሪያውን ትርፍ ወረቀት ትታችሁ በመቀስ ቁረጡት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ራሱ ይላቀቃል። ፖስታው ቀይ ከሆነ ለብቻው ንከሩት፣ ቀለም ይለቃል! እንደ ስቲከር የሚለጠፉት ግን ብዙ ጊዜ በውሃ አይነሱም፣ ከነወረቀታቸው ይቀመጡ። ከዚያ የተላቀቀውን ቴምብር ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ንጹህ ወረቀት ላይ አድርቁት፣ ወፍራም መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። እኛ ባሕር ዳር በክረምት እርጥበቱ ስለሚበረታ ያልተለጠፉ ቴምብሮችን አትደራርቡ፤ ሙጫቸው እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።