ለነጻ ትምህርት ዕድል የሚወዳደሩ ተማሪዎችን ስለ ማገዝ፦ ለጎንደር መምህራን
በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ማዘጋጀት የሚገባው የውድድሩ ማስታወቂያ ከመውጣቱ አስቀድሞ ነው፤ ለምሳሌ ቺቭኒንግ የተሰኘው የብሪታንያ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ ተማሪው ይህን ከወዲሁ እንዲያቅድ ይምከሩት።

ከሁሉም የሚከብደው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። «ትጉህና ጨዋ ነው» የሚለው፣ በየቢሮው ስሙ ብቻ እየተቀየረ የሚዘዋወረው ምስክርነት ለገምጋሚ ምንም አይነግረውም፤ ይልቁንም የጤና ተማሪው ለቡድን ሥልጠና ወደ ጤና ጣቢያ በወጣበት ወቅት ምን ችግር እንዳስተዋለና እንዴት እንደፈታው ይጻፉ፤ ለዚህም ተማሪው ለማመልከቻው የሚጽፈውን ድርሰት ረቂቅ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ይቀበሉት።

ድርሰቱን ግን አይጻፉለት፤ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ አስፍረው ይመልሱለት። ለቃለ መጠይቁም ተማሪውን የማያውቅ የሌላ ትምህርት ክፍል ባልደረባ እንዲያለማምደው ያድርጉ።