በመዋቅራዊ የእኩልታ ሞዴል ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከሰሜን ሸዋ የመስክ ጥናት አንጻር

በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚቀርቡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ የማሟያ ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው መዋቅራዊ የእኩልታ ሞዴል የተባለውን ስልት ደጋግሞ ያገኘዋል። ስልቱ ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ ይይዛል። በቀጥታ የማይለኩ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አመለካከትን፣ አመኔታን ወይም ስጋትን፣ በሚታዩ አመልካቾች አማካይነት ይለካል፤ በእነዚህ ስውር ተለዋዋጮች መካከል አለ ብለን ያሰብነውንም ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይገምታል። መነሻው የጄኔቲክስ ተመራማሪው ሲወል ራይት እ.ኤ.አ. በ1921 በሰፊው ያብራራው የፓዝ ትንተና፣ ማለትም የተለዋዋጮችን ግንኙነት በቀስት እየሣሉ የመገመት ስልት ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ካርል ዮረስኮግ ሊዝረል በተባለው ፕሮግራም ለማኅበራዊ ሳይንስ አመቻችቶታል። ዛሬ ደግሞ አሞስና ኤምፕላስ የተባሉትን የትንተና ፕሮግራሞች መግዛት ያልቻለ ተማሪ በአር ቋንቋ የተዘጋጀውን ላቫንን ያለ ክፍያ ያወርዳል።

ከባሶና ወራና እስከ ምንጃር፣ ከደጋው መንዝ እስከ ቆላው ቀወት መረጃ የሚሰበስቡ ተማሪዎችን ሳማክር ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ ከባዶቹ ስህተቶች የሚፈጸሙት ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት፣ ቀስቱ በወረቀት ላይ ሲሣልና መጠይቁ ሲጻፍ መሆኑን ነው። ስለዚህ በእነዚያ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ።

ቀስት መሣልን ምክንያትን እንደ ማረጋገጥ መቁጠር

በሞረትና ጅሩ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ውኃ የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ ማውጫ መሣሪያ መጠቀምን የሚያጠና ተማሪ አለ እንበል። ሞዴሉ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ያለ ግንኙነት አመለካከትን እንደሚለውጥ፣ የተለወጠው አመለካከትም መሣሪያውን ወደ መጠቀም እንደሚያደርስ ይገልጻል። መረጃው ይገባል፤ ቁጥሮቹ ያምራሉ፤ በመደምደሚያውም «የኤክስቴንሽን ግንኙነት በአመለካከት በኩል አጠቃቀምን ይጨምራል» ተብሎ ይጻፋል።

ይሁን እንጂ ቀስቶቹን በሙሉ ገልብጠን፣ መሣሪያውን መጠቀም አመለካከትን እንደሚያሻሽል፣ የተሻሻለው አመለካከትም ከባለሙያው ጋር ያለውን ግንኙነት እንደሚያጠናክር አድርገን ብንሥለው፣ የሞዴሉ ካይ ስኩዌር፣ የነጻነት ዲግሪው (ሞዴሉን ለመፈተን የሚተርፈው የመረጃ ብዛት) እና ሌሎቹም የተስማሚነት መለኪያዎች፣ ማለትም ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳዩት ቁጥሮች፣ አንዲት ነጥብ ሳይለወጡ ይወጣሉ። እንዲህ ያሉት ሞዴሎች አቻ ሞዴሎች ይባላሉ፤ መረጃው በመካከላቸው ሊፈርድ አይችልም። በጅሩ መስክ የተገላበጠው ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አዘውትሮ የሚጎበኘው ቀድሞውኑ «ሞዴል አርሶ አደር» ተብሎ የተመረጠውን፣ ማለትም አዲስ ነገር መሞከር የጀመረውን ሰው ነውና።

ሊደረግ የሚገባው ቀስቱን የሚደግፍ ማስረጃ ከሞዴሉ ውጭ መፈለግ ነው። አርሶ አደሩ ከባለሙያው ጋር መጀመሪያ የተገናኙት በየትኛው ዓመት ነው? መሣሪያውንስ መጀመሪያ የተጠቀሙት መቼ ነው? እነዚህ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች መጠይቁ ውስጥ ቢገቡ የጊዜው ቅደም ተከተል በከፊል ይገለጣል። አቅም ካለ ደግሞ በበልግና በመኸር፣ ወይም በሁለት ተከታታይ የመኸር ወቅቶች፣ ተመሳሳይ ቤተሰቦችን መጠየቅ እጅግ የተሻለ ነው። ማክስዌልና ኮል እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ በጊዜ ሂደት በመካከለኛ ተለዋዋጭ በኩል የሚያልፍ ተጽዕኖን በአንድ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ መገመት በእጅጉ ሊያሳስት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሰበሰበ ሰው ሞዴሉን መሥራት የለበትም አልልም፤ «ያስከትላል» በሚለው ቃል ፋንታ «ከዚህ መላ ምት ጋር ይጣጣማል» ብሎ መጻፍና አቻ ሞዴሎቹን በግልጽ ማስቀመጥ ግን ግዴታው ነው።

መጠይቁን ቃል በቃል መተርጎም

ይህ ስህተት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ የሚያርመው ስታቲስቲክስ የለም። በእንግሊዝኛው መጠይቅ «ትረስት» የተባለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «እምነት» ይሆናል። አንኮበር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት «በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ላይ ያለዎት እምነት ከፍተኛ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «እምነቴስ በእግዚአብሔር ነው» ብለው ቢመልሱ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። «እህልዎን ለማኅበሩ አስረክበው ገንዘቡን በኋላ ቢከፍልዎት፣ ቃሉን ያከብራል ብለው ያስባሉ?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ረዥም ቢሆንም የሚለካው ነገር የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ችግር በአሉታ የተጻፉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። «የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ምክር አይጠቅመኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ተነቦላቸው «እስማማለሁ ወይስ አልስማማም» ሲባሉ፣ ምክሩ የሚጠቅማቸው አባት «አዎ፣ ይጠቅመኛል» ይላሉ፤ መረጃ ሰብሳቢውም «አዎ» የሚለውን ሰምቶ «እስማማለሁ» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። መልሱ ተገልብጦ ተመዘገበ ማለት ነው። በትንተናው ጊዜ አሉታዊዎቹ ጥያቄዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ፋክተር (የጋራ ስውር ተለዋዋጭ) ይሠራሉ፤ ተማሪውም አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ያገኘ መስሎት ስም ይፈልግለታል፤ ነገር ግን ያገኘው የአጠያየቁን ጉድለት ነው።

ቤት ድረስ ለመጣ እንግዳ «አልስማማም» ማለት የሚከብዳቸው ብዙዎች መሆናቸውም መታሰብ አለበት። በዚህ ምክንያት ሁሉም ጥያቄዎች ወደ «እስማማለሁ» ያጋድላሉ፤ በጽንሰ ሐሳቦቹ መካከል ያለው ዝምድናም ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጽሑፎች ይህን ችግር በሃርማን የአንድ ፋክተር ፍተሻ፣ ማለትም ጥያቄዎቹን ሁሉ አንድ ፋክተር ብቻውን ይገልጻቸው እንደሆነ በማየት፣ «አለመኖሩን አረጋግጠናል» ይላሉ፤ ፍተሻው ግን ደካማ ስለሆነ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። የሚሻለው በንድፉ ላይ መሥራት ነው፤ የሚቻለውን በዕይታና በመዝገብ መለካት፣ የምክንያቱንና የውጤቱን ጥያቄዎች በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፣ «ከሁለቱ የትኛው ይሻልዎታል?» በሚል መልክ መጠየቅ። ከዋናው ሥራ በፊት ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ተቀምጦ «ይህን ስጠይቅዎት ምን አሰቡ?» ብሎ ማዳመጥ የሚወስደው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።

ሁሉንም ነገር ስውር ፋክተር ማድረግ

በፋክተር ሞዴል ቀስቱ ከስውሩ ተለዋዋጭ ወደ አመልካቾቹ ይሄዳል፤ ስውሩ ሲጨምር አመልካቾቹ አብረው ይጨምራሉ ማለት ነው። የቤተሰብ ሀብት ግን እንዲህ አይደለም። በመንዝ ብዙ በግ ያለው ቤተሰብ እርሻው ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ በምንጃር ሰፊ የጤፍ ማሳ ያለው ደግሞ በግ ላይኖረው ይችላል። በጉ፣ በሬው፣ መሬቱና የቆርቆሮ ቤቱ ተደምረው ሀብትን ይሠራሉ እንጂ ሀብት የሚባል ስውር ኃይል አራቱንም እኩል አያንቀሳቅስም። የማኅበራዊ ካፒታል መለኪያም እንዲሁ ነው፤ የእድር፣ የእቁብ፣ የጽዋ ማኅበርና የወንፈል ተሳትፎ የግድ አብረው አይሄዱም። ተማሪው የአመልካቾቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው በጎቹን ወይም እቁቡን ከመለኪያው ይሰርዛል፤ በዚህም የመንዝን ሰው ዋና ሀብት ከሀብት መለኪያ ውስጥ ያወጣል። እንዲህ ያሉትን አመልካቾች አስቀድሞ ወደ አንድ ኢንዴክስ አጠናቅሮ እንደሚታይ ተለዋዋጭ ማስገባት ቀላሉና ትክክለኛው መንገድ ነው።

የናሙናን መጠን በያማኔ ቀመር ብቻ መወሰን

በወረዳው 8,000 አባወራዎች አሉ፤ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ናሙናው 381 ነው። ይህ ስሌት በስንት የጥናት ንድፍ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀመሩ የተበጀው በቀላል የዕጣ አመራረጥ አንድን ምጣኔ፣ ለምሳሌ ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ሰዎችን በመቶኛ፣ ለመገመት ነው፤ ስንት ፋክተር፣ ስንት ቀስት፣ ምን ያህል ፋክተር ሎዲንግ (አመልካቹ ከፋክተሩ ጋር ያለው የግንኙነት ጥንካሬ) እንዳለን የሚያውቀው ነገር የለም። ዎልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ሠራሽ መረጃ በሠሩት ጥናት፣ የሚያስፈልገው ናሙና እንደ ሞዴሉ ዓይነት ከ30 እስከ 460 ሲለያይ አግኝተዋል። የራስን ሞዴል በላቫን አስመስሎ በማመንጨት አስቀድሞ መፈተሽ ይቻላል።

ሌላው የተዘነጋ ጉዳይ ቀበሌው ነው። ከ20 ቀበሌዎች 20 ሰው እየወሰድን 400 ብንሰበስብና የአንድ ቀበሌ ሰዎች መልስ መመሳሰል 0.05 ቢሆን፣ የንድፉ ተጽዕኖ 1 ሲደመር 19 ጊዜ 0.05፣ ማለትም 1.95 ይሆናል። የ400 ሰው መረጃችን የሚመዝነው በዕጣ የተመረጡ 205 ሰዎችን ያህል ነው። ሶፍትዌሩ ቀበሌውን እንዲያውቅ ካልተነገረው የስታንዳርድ ስህተቶቹ ያንሳሉ፤ የሌለ ግንኙነትም «ጉልህ» ሆኖ ይወጣል። በላቫንም በኤምፕላስም የቀበሌውን መለያ ለመግለጽ የሚበቃው አንድ ወይም ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው፤ ቀበሌዎቹ ጥቂት ከሆኑ ግን እርማቱም አስተማማኝ አይሆንም።

ልኬቱን ሳያረጋግጡ ወደ ቀስቶቹ መሻገር

አንደርሰንና ገርቢንግ እ.ኤ.አ. በ1988 የመከሩት የሁለት ደረጃ አሠራር ዛሬም ይሠራል፤ መጀመሪያ የልኬት ሞዴሉ ብቻውን ይፈተሻል፣ ከዚያ መዋቅሩ ይከተላል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በሦስት አመልካቾች ብቻ የተሠራ አንድ ፋክተር የነጻነት ዲግሪው ዜሮ ስለሆነ ከተስማሚነት መለኪያዎቹ መካከል፣ ከፍ ሲል ጥሩ የሚባለው ሲ.ኤፍ.አይ. ሁልጊዜ 1፣ ዝቅ ሲል ጥሩ የሚባለው አር.ኤም.ኤስ.ኢ.ኤ. ሁልጊዜ 0 ይሆናል። ይህ ፍጹም ተስማሚነት ሳይሆን ፍተሻ አለመኖሩ ነው።

ቁጥሩ እስኪያምር ሞዴሉን መጠጋገን

ለሁለተኛ ዲግሪዬ በሠራሁት ጽሑፍ የመጀመሪያው ሞዴሌ ተስማሚነት ደካማ ነበር። ሶፍትዌሩ የትኛው ግንኙነት ቢጨመር ተስማሚነቱ እንደሚሻል በማሻሻያ ጠቋሚ እያሳየኝ የስህተት ተርሞችን (በየጥያቄው ፋክተሩ ያልገለጸውን ቀሪ ክፍል) አንድ በአንድ አገናኘሁ፤ ቁጥሩ ከሚፈለገው ደረጃ ሲደርስ አቆምኩ፤ በጽሑፉ ላይም ሞዴሉን ከመጀመሪያው እንዲሁ ያቀድኩት አስመስዬ አቀረብኩ። ያ ሥራ ዛሬም ይጸጽተኛል። 20 ጥያቄዎች ካሉ የስህተት ተርሞቹ ጥንዶች 190 ናቸው፤ በ5 በመቶ ደረጃ ዘጠኝ ወይም አሥር ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ «ጉልህ» ሊመስሉ ይችላሉ። ማካለምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳስጠነቀቁት፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ሞዴል በሌላ ናሙና ላይ ላይደገም ይችላል። ማሻሻያው የሚፈቀደው የሚያሳምን ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ጥያቄዎች ተመሳሳይ አነጋገር ሲኖራቸው። ሲደረግም የመጀመሪያው ውጤት ጭምር መቅረብ አለበት።

ሁ እና ቤንትለር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቧቸው ወሰኖች፣ ማለትም ለሲ.ኤፍ.አይ. 0.95፣ ለአር.ኤም.ኤስ.ኢ.ኤ. 0.06 እና ኤስ.አር.ኤም.አር. ለተባለው ሌላ መለኪያ 0.08፣ እንደ ሕግ መጠቀስ የለባቸውም። የተመሠረቱት 15 አመልካቾችና ሦስት ፋክተሮች ባሉት፣ ፋክተር ሎዲንጎቹም ከፍ ባሉበት ሰው ሠራሽ መረጃ ላይ ነው። ከወሰኑ ይልቅ የትኛው የጥያቄ ጥንድ ከሞዴሉ እንደራቀ የሚያሳየውን የቀሪ ሰንጠረዥ ማንበብ የበለጠ ያስተምራል።

መለኪያው እኩል መሆኑን ሳያረጋግጡ ደጋንና ቆላን ማወዳደር

«የድርቅ ስጋት» በመንዝና በቀወት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። በደጋው የገብስ አራሽ ከዝናብ መጥፋት ይልቅ ውርጭን ይፈራ ይሆናል፤ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማው ደግሞ የወንዙን መቀነስ። ሁለቱን አማካዮች ከማወዳደር በፊት የፋክተሩ ቅርጽ፣ ከዚያ ሎዲንጎቹ፣ ከዚያም መነሻ ነጥቦቹ (ፋክተሩ ዜሮ ሲሆን የሚጠበቀው የየጥያቄው መልስ) እኩል መሆናቸው በየደረጃው ይፈተሻል፤ በየደረጃው ሲ.ኤፍ.አይ. ከ0.01 በላይ ከቀነሰ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአርጎብኛና በኦሮምኛ የተሞላ መጠይቅ ካለ ይህ ፍተሻ ለቋንቋውም ያስፈልጋል።

የጎደለን መረጃና የመልሱን ዓይነት መዘንጋት

ባለ አምስት ደረጃ መልስ፣ ከሰዎቹ አብዛኞቹ በሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ላይ ሲከማቹ፣ እንደ ተከታታይ ቁጥር መታየት የለበትም፤ ለደረጃ መልስ የተዘጋጀውን የግመታ ዘዴ መምረጥ ይሻላል። የጎደሉ መልሶች ያሉበትን ሰው በሙሉ መሰረዝም መረጃን ማባከን ነው፤ ሙሉ መረጃ የሚጠቀመው የማክሲመም ላይክሊሁድ ግመታ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ሰው የተገኘውን መልስ ሁሉ የሚጠቀመው ዘዴ፣ የተሻለ አማራጭ ነው። ሆኖም በጸጥታ ችግር ምክንያት ተፈናቅለው በዝርዝሩ ላይ ስማቸው እያለ ቤታቸው ያልተገኙ ቤተሰቦች ካሉ፣ የእነሱን መጉደል የትኛውም ግመታ አይተካውም። የጎደሉት በአጋጣሚ አይደለምና፤ ይህ በጽሑፉ ውስጥ በቁጥርና በቦታ ተለይቶ መገለጽ አለበት።

ናሙና ስላነሰ ብቻ ለአነስተኛ ናሙና ይሆናል እየተባለ ወደሚመረጠው ስማርት ፒ.ኤል.ኤስ. ወደተባለው ሶፍትዌር መሸሽም መፍትሔ አይሆንም፤ አነስተኛ ናሙና በየትኛውም ሶፍትዌር የያዘው መረጃ አነስተኛ ነው።

ጽሑፉ ሲጠናቀቅ በአባሪው ላይ የተዛማጅነት ሠንጠረዡ፣ አማካዮቹና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖቹ፣ የትንተናው ትእዛዝ፣ እንዲሁም የተጠየቀው መጠይቅ በአማርኛ እንደተነበበ ይቀመጥ። አብዛኛውን ጊዜ አባሪው ላይ የሚገኘው እንግሊዝኛው ብቻ ነው፤ ወደ አንኮበርም ሆነ ወደ ጅሩ ቀጥሎ የሚሄደው ተመራማሪ ግን የሚያስፈልገው ለእኒያ እናት የተነበበው ዐረፍተ ነገር ነው።